የሰባተኛው ጉድጓድ እንጨት

ወንበሩ ሲወረወር ቆፋሪው አይቶታል። ከኋላው ረድፍ ተነስቶ በሰው ራስ ላይ እየተገለባበጠ ሲመጣ፣ አንድ እግሩ የተጣመመ የብረት ወንበር መሆኑን ሳይቀር አስተውሏል፤ ጎንበስ ለማለት ግን አልደረሰም። ጠርዙ ቅንድቡን ሰንጥቆት አለፈና ከፊት የነበረውን ጠረጴዛ ከነጠርሙሱ ገለበጠው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የተሰማው ሙቀቱ ነው። ሕመሙ ዘግይቶ መጣ።

ስብሰባው የተጠራው ለውይይት ነበር። ከከተማው ዳር አንድ ጉብታ አለ፤ አናቱ ላይ ማን እንዳቆማቸው የማይታወቅ የጥንት ድንጋዮች ተገትረውበታል፣ ዙሪያውን ደግሞ አሮጌ ካብ ከቦታል። ከጉብታው ስር ተሰርስሮ የመኪና ዋሻ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን የሚመረምር ቡድን ከበላይ መጥቶ ሕዝቡን ያዳምጣል። በግራ በኩል የተቀመጡት ይሠራ ባዮች ናቸው፤ ሾፌሮች፣ ባለሱቆች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ አሁን ያለው መንገድ ልጅ የበላባቸው እናቶች። ያ መንገድ ጉብታውን ተጠምጥሞ በድንጋዮቹና በመኖሪያ ቤቶቹ ደጃፍ መካከል ቁልቁል ይወርዳል። የጫነ መኪና ፍሬን የከዳው ዕለት የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። በአራት ዓመት ዐሥራ አንድ ልጅ ሞቷል። ዘጠነኛዋ የቆፋሪው ልጅ ነበረች።

በቀኝ በኩል ድንጋዮቹ አይነኩ የሚሉት ተቀምጠዋል። የእነሱ አፍ ግንበኛው ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የጉብታውን ካብ ሲጠግን የኖረ፣ የቆፋሪው ታላቅ ወንድም።

ጠቡን ማን ጀመረው ቢባል እያንዳንዱ ወደ ማዶ ይጠቁማል። ግንበኛው ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ድንጋዮቹ ይህን ሁሉ ዘመን የቆሙት እግራቸው የሚረግጠው ነገር ስላለ ነው አለ፤ እግሩን የቆረጡት ሰው ስንት ቀን ይቆማል ብሎ ጠየቀ። ከግራ በኩል አንዲት እናት የእኔም ልጅ እግር ነበረው አለች። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን አንድ ጥርሰ ፍንጭት ሾፌር ከመሃል ሆኖ፣ «ሰውዬ፣ እስከዛሬ ሚስት ያላገባኸው ለካ ድንጋይ አግብተህ ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ግንበኛው ሁለት ረድፍ ወንበር ተራምዶ ሄዶ በግንባሩ አፍንጫውን ሰበረለት። ከዚያ በኋላ ወንበር ነው የተናገረው።

ፖሊሶቹ በዱላ መሃል ገብተው ሁለቱን ወገን ካላቀቁ በኋላ ሰብሳቢዋ፣ ጸጉራቸው የነጣ ቀጭን ሴት፣ የተገለበጠውን ጠረጴዛ ራሳቸው አቁመው ተቀመጡ።

«ለጥናቱ ጉድጓዶቹን የቆፈረው ማነው?» አሉ።

የዋሻውን ጥናት የሚመራው መሐንዲስ ቆፋሪውን አሳያቸው። ከስር የተገኘው አንድ ወጥ ዐለት ነው፣ በሰባቱም ጉድጓድ፣ ብሎ ጨመረ።

«የጠየቅኩት እሳቸውን ነው» አሉ ሰብሳቢዋ።

ቆፋሪው መሐረቡን ከቅንድቡ አነሳ። በሚያየው አንድ ዓይኑ ከእናቶቹ መሃል የተቀመጠችውን ሚስቱን አያት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ወደ እሱ ነበር የምታየው። ቀጥሎ ወንድሙን አየ፤ ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ጠምዝዘው ይዘውታል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው ደም ነው።

«አዎ» አለ። «አንድ ወጥ ነው።»

ጭምቱ ነበር የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም። በሳምንት ዐሥር ቃል አይናገርም ይሉታል። በዚያ ሳምንት ከተናገራቸው ውስጥ አራቱ ውሸት ሆኑ።

የቆፋሪ ሥራ መሬቱን ሳይከፍቱ ከውስጡ ያለውን አውጥቶ ማሳየት ነው። ማሽኑ የሚያዞረው ባዶ ቱቦ፣ አፉ ላይ ጥርስ ያለው፣ ዐለቱን እየጎረሰ ይወርዳል፤ የጎረሰውን ሲያወጡት ክንድ የሚያህል ወፍራም ድቡልቡል የድንጋይ በትር ይሆናል። ኮር ይሉታል። ኮሩ ቦይ ቦይ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ እንደወጣ በተራ ይደረደራል፤ ከላይ ከግራ ጥግ ተጀምሮ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። አንድ ሕግ አለው። መሬቱ ድንጋይ ያልሰጠበት ቦታ ላይ እንጨት ይገባል። በእንጨቱ ላይ ድንጋዩ የጠፋው ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ ይጻፋል። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ፣ ሁለት ጣቶቹን ለማሽን የገበረ ሰው፣ እንዲህ ይለው ነበር፤ «ድንጋይ ባታገኝ አያሳፍርም፣ መሬቱ የለውም ማለት ነው። እንጨት ሳታስገባ ግራና ቀኙን ብትገጣጥመው ግን ሰው ገድለሃል፤ መቼ እንደሚሞት አታውቅም እንጂ።»

ሰባተኛው ጉድጓድ የተቆፈረው ከካቡ ውጭ፣ ከጉብታው እግር ላይ፣ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ነው። ሠላሳ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ የማሽኑ ዘንግ ከእጁ አምልጦ ቁልቁል ወረደ። ጥርሱን ሊያቀዘቅዝ ገብቶ እየተመለሰ ሲፈስስ የነበረው ውሃ ቀጥ አለ። ማሽኑን አጥፍቶ ጆሮውን ከቱቦው አፍ ላይ ሲያደርግ፣ ከሩቅ፣ ውሃ ሰፊ ቦታ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማ። ጥርሱ እንደገና ዐለት የነከሰው ሠላሳ ሦስት ሜትር ከስልሳ ላይ ነው። የዋሻው ጣሪያ በሠላሳ አራት ሜትር ላይ ነበር የተነደፈው። ጉድጓዱን ሲደፍኑት ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ የሚበቃው ዐሥራ ዘጠኝ ዋጠ።

ስንዝር የምታህል እንጨት ቆርጦ፣ ቁጥሩን ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። መሐንዲሱ መጥቶ እንጨቷን ብዙ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር። እንጨቷን እንዲያወጣትና ኮሮቹን እንዲገጣጥማቸው ለመነው፣ አላዘዘውም። ይህች ነገር ከተሰማች ጥናቱ ከዜሮ ይጀምራል፣ አምስት ዓመት ይፈጃል አለ። ዋሻውን ሲቆፍሩ ጣሪያውን በብረት እንደሚደግፉት ማለለት። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ነው ወንድሜ? ይሄንን ከአንተ በላይ የሚያውቅ አለ?» አለው።

ቆፋሪው እንጨቷን አላወጣትም፤ እጁ እምቢ አለው። ለማንም ግን አልተናገረም። ሳጥኑን ዘግቶ ከሌሎቹ ጋር መጋዘን አስገባው። እውነቱን ከነቁጥሩ በጨለማ አስቀምጦ በሆዱ ያዘው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አልዋሸሁም ማለት ይችላል፣ እስኪጠየቅ ድረስ።

ከስብሰባው ማግስት ግንበኛው ወደ ወንድሙ ቤት መጣ። ከልጅቷ ቀብር ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ እንደቆመ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ከስር ያለውን በዓይንህ አይተሃል ወይ? ቆፋሪው፣ የቅንድቡ ስፌት እየነዘረው፣ ትናንት ተናግሬአለሁ አለ። ግንበኛው ድንጋዩን ሲመታው ድምፁ ባዶ እንደሚለው፣ ይህንን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰማ እንደኖረ ነገረው። ቆፋሪው ጆሮህ አርጅቶ ይሆናል አለው። ከዚያ ቃል ቃልን ሳበ። ግንበኛው ልጅህን በሰበብ አታስነሳት፣ ሙታንን ለመኪና መንገድ ማንጠፊያ አታድርግ አለ። ሚስትየዋ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ዕቃ ማጠቧን አቆመች።

«መንገዱን ስታቋርጥ ወዴት ነበር የምትሄደው ጋሼ?» አለ ቆፋሪው።

ግንበኛው የበሩን መቃን ያዘ።

«ወደ አንተ ነበር። አጎቴን ሰላም ልበለው ብላ ነው የወጣችው። ድንጋይህን ልታይ።»

ግንበኛው በጥፊ መታው። የሽማግሌ እጅ ነው ብሎ የናቀው ይሳሳታል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ድንጋይ ያነሳ እጅ ነው። ቆፋሪው ከበሩ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ የቅንድቡ ስፌት ተከፈተ። ተነስቶ ወንድሙን አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ሚስቱ የእጥበቱን ውሃ ከነሳህኑ እስክትደፋባቸው ድረስ አልተላቀቁም።

«ውጡልኝ» አለች። «ሁለታችሁም።»

በሦስተኛው ሳምንት የቁፋሮው ቀን ተቆረጠ የሚል ወሬ ተነዛ። ድንጋዮቹ አይነኩ የሚሉት ሰዎች በሰሙ ጊዜ ደማቸው ፈላ። መሐንዲሱ የሚመካው በእነዚያ ሳጥኖች ነው፣ ሳጥን ከሌለ ማስረጃ የለም፣ ማስረጃ ከሌለ ዋሻ የለም ብሎ አንዱ ተናገረ፤ ሌላው ታዲያ ምን እንጠብቃለን አለ። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አርባ የሚሆኑ ሰዎች መዶሻና መሮ ይዘው ወደ መጋዘኑ ወረዱ። ከፊት ግንበኛው ነበር።

ዘበኛው ለቆፋሪው ስልክ ደወለ። ቆፋሪው ሮጦ ሲደርስ የበሩ ሰንሰለት እየተሰበረ ነው። በሰዎቹ መካከል ተጋፍቶ ገባና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። ባዶ እጁን ነበር።

«ሌላውን ስበሩት» አለ። «ሰባት ቁጥርን ተዉልኝ። ከጉብታው ስር ባዶ አለ። ምስክሩ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ለእናንተው ነው የሚጠቅመው።»

ለአፍታ መዶሻው ቆመ። ከኋላ አንዱ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

ግንበኛው አልሳቀም። «ስብሰባው ላይ ምን ነበር ያልከው?»

«አንድ ወጥ ነው አልኩ።»

«ታዲያ?»

«ዋሸሁ፣ ጋሼ።»

«ያኔ ነው የዋሸኸው፣ አሁን?» አለና ግንበኛው በትከሻው ገፍቶት ገባ።

ሕዝቡ ከኋላው ጎረፈ። ቆፋሪው ከእግር ስር ወደቀ፤ የአንዱ ጫማ ቀኝ እጁ ላይ ሲያርፍ ሁለት ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማቸው። ከላዩ ሳጥኖቹ ከመደርደሪያ እየተነቀሉ ሲሚንቶው ወለል ላይ ይፈጠፈጣሉ። ኮሮቹ እየተንከባለሉ፣ እየተጋጩ፣ አንደኛው ጉድጓድ ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀላቀላል። የስምንት ወር ሥራ ነበር። የመሬት ሆድ ተዘርግፎ ይረጋገጣል። ድንጋይ በመዶሻ የሚመቱም ነበሩ፤ ስብርባሪው ተፈናጥሮ የአንዷን ሴት ጉንጭ ሲበሳው ሴትየዋ ደሟን እየጠረገች ትስቅ ነበር።

ቆፋሪው በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ቀና ሲል ወንድሙ በቀይ ቀለም ሰባት ተብሎ የተጻፈበትን ሳጥን ከራሱ በላይ አንስቶታል። ቆፋሪው ጮኸ። ሳጥኑ ወርዶ ከመሬት ተላተመና ተፈረካከሰ። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ የቀረውን ስባሪ ሊያነሳ ሲል፣ ቆፋሪው በግራ እጁ ከወለሉ ያገኘውን አንስቶ መታው። ክንድ የሚያህል ኮር ነበር። ድንጋይ አጥንት ሲያገኝ የሚሰጠው ድምፅ እንጨት ሲሰበር ከሚሰጠው እንደማይለይ ያን ቀን አወቀ።

ግንበኛው በፊቱ ተደፋ። የታችኛው መንጋጋው ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ደምና ጥርስ ሲተፋ ምላሱ ሊናገር እየሞከረ ያቅተዋል። ይህን ያዩት ቆፋሪውን መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ መሃል ባይገባ ይገድሉት ነበር። ግንበኛውን አንስተው ሲሮጡ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ቆፋሪው በሆዱ እየተሳበ በድንጋዮቹ መካከል ፈለገ። እንጨቷን ከመደርደሪያው ስር አገኛትና ኪሱ ከተታት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። መሐንዲሱ የፈረሰውን መጋዘን አይቶ ብዙ አላዘነም። ማስረጃው በተቃዋሚዎቹ እጅ ወድሟል፣ ማጠቃለያዬ ግን በእጄ አለ ብሎ ለሰብሳቢዋ ጻፈ። ቆፋሪው በሥራ ላይ ጸብ አንስቷል ተብሎ ተሰናበተ።

ቆፋሪው ሊጠይቀው ሆስፒታል ሲገባ የግንበኛው መንጋጋ በሽቦ ታስሯል፤ በቀጭን ቱቦ ነበር የሚመገበው። ፖሊስ መጥቶ ማን እንደመታው ሲጠይቀው ወረቀት ላይ «ወደቅኩ» ብሎ ጽፎ እንደነበር ከጎኑ የተኛው በሽተኛ ለቆፋሪው ነገረው። «ከሰማይ ነው የወደቀው መሰለኝ» ብሎ ጨመረ በሽተኛው፣ ፈገግ ሳይል።

ቆፋሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ። ዘንጉ እንዴት እንዳመለጠው፣ ውሃው እንዴት እንደቀረ፣ ዐሥራ ዘጠኙን ከረጢት፣ መሐንዲሱን፣ ሚስቱን፣ ለምን አዎ እንዳለ። ግንበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰማው። የሚናገረው ዝም ባለበት ቦታ ዝምተኛው ተናገረ። ሲጨርስ ግንበኛው እርሳሱን አነሳ።

«ድንጋዮቹን ማን ነካቸው?»

ማንም አልነካቸውም አለ ቆፋሪው፤ እንደተበተኑ ናቸው።

«ማንም እንዳይነካ» ብሎ ጻፈ።

በአምስተኛው ቀን ግንበኛው ሐኪም ሳይፈቅድለት ወጥቶ ከወንድሙ ጋር መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። ዘበኛው ቁልፉን መሬት ጥሎ ሌላ ነገር እንደሚያይ ሰው ፊቱን አዞረ። ገብተው ከወለሉ ላይ ተቀመጡ። የተሰበረ ድንጋይ ባሉ አንድ ነው የሚል የግንበኞች አባባል አለ፤ ስብራቱ ከሌላ ጋር አይገጥምም። ግንበኛው አንዱን ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ስብራቱን ይዳብሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል፣ ሌላ ያነሳል፣ ያገጥማል። ገጠመ ማለት ጸጉር አያስገባም። ቆፋሪው በታሰረ እጁ ሳጥን እየጠገነ ይደረድራል። ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። አይነጋገሩም፤ አንዱ አይችልም፣ አንዱ አልለመደውም። አንዳንዴ ግንበኛው በሥቃይ ሲያቃስት ከሽቦው መካከል ምራቅና ደም ይወርዳል፤ ቆፋሪው መሐረብ ያቀብለዋል፤ ሽማግሌው ሳያየው ይቀበለዋል።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ባል የሌለው ድንጋይ ቀረ። የሰባተኛው ጉድጓድ፣ ከባዶው በላይ ያለው የመጨረሻው ኮር ነው። ታችኛው ፊቱ ስብራት አልነበረም። ግንበኛው ጣቱን አሳረፈበትና ፊቱ ተለወጠ። ወንድሙን እጅጌውን ይዞ መንገዱን አሻግሮ ወደ ጉብታው ወሰደው። ከቆሙት ድንጋዮች የአንዱን እግር በጣቱ አሳየው፤ በዝንባሌ የወረዱ የመሮ ጭረቶች፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ። ኮሩን ገልብጦ አጠገቡ ያዘው። ያው ጭረት፣ ያው ዝንባሌ፣ ሦስት። ከስር ያለው ተፈጥሮ የቦረቦረው ጉድጓድ አልነበረም። ሰው የጠረበው ጣሪያ ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባ ዋዜማ ቆፋሪው ለሚስቱ ሁሉን ነገራት። ልብስ እያጣጠፈች ሰማችው።

«ስለዚህ ዋሻው ይቀራል» አለች።

«ከቆፈሩት ይወርድባቸዋል። ጣሪያው ሁለት ክንድ አይሞላም። እዚያ የሚገቡትን ግማሾቹን በስም አውቃቸዋለሁ።»

«እኔም ዐሥራ አንዱን በስም አውቃቸዋለሁ።» ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና አጣጠፈችው። «ከእንግዲህ መንገዱ ላይ ልጇ ለሚሞትባት እናት፣ አንተው ራስህ ሄደህ ትነግራታለህ። እኔ አብሬህ አልሄድም።»

በሁለተኛው ስብሰባ ወንበሮቹ እርስ በርስ በሽቦ ታስረው ነበር፤ መወርወር ከፈለጋችሁ ዐሥሩን በአንዴ ነው ብሎ ፖሊሱ በሩ ላይ ቀለደ። ቆፋሪው ከፊት ወጥቶ የተጠገነውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ባለፈው የተናገረው ሐሰት እንደነበር ተናገረ። አዳራሹ ሲያጉረመርም ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሱ። ከሳጥኑ ውስጥ በአንድ ቦታ ጣታቸውን አሳርፈው፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ የታለ አሉ።

«ድንጋይ የለም» አለ ቆፋሪው። «እንጨቱ የሚለው ይህንኑ ነው።»

መሐንዲሱ ተነስቶ፣ ይህ ሰው ከሥራ የተባረረ ነው፣ እንጨቷን ዛሬ ጠዋት ከማገዶ ላይ አንስቷት ሊሆን ይችላል አለ። ከግራ በኩል ተጨበጨበ። ያኔ ግንበኛው ከመቀመጫው ተነሳ። ጉንጩ አብጦ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር፤ ከንፈሮቹ መካከል ሽቦው ያበራል። የሚስቀው ጠፋ። ኮሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ገለበጠው፤ ከኪሱ ደግሞ ከጥንቱ ድንጋይ እግር በራሱ ጊዜ የወደቀ ስባሪ አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱንም በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይህን ጉድጓድ ስትደፍኑ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባበት?» አሉ፣ ወደ መሐንዲሱ ዞረው።

መሐንዲሱ አላስታውስም አለ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለ ቆፋሪው።

«ስንት ይበቃው ነበር?»

«ሦስት።»

መዝገባቸውን ዘጉ። ከስር ያለው እስኪታወቅ ድረስ በጉብታው ስር አንድ አካፋ እንዳይገባ አሉ። ቆፋሪው ቀና ብሎ ወደ እናቶቹ ሲያይ የሚስቱ ቦታ ባዶ ነበር።

ደጅ ጠበቋቸው። አንድ መኪና ውስጥ አብረውት ምሳ የበሉ ሾፌሮች ነበሩ። የመጀመሪያው እርግጫ ጎኑ ላይ ሲያርፍ ቆፋሪው አየር አጣ። ሁለተኛው ጉልበቱን አጠፈው፤ ሲወድቅ ሦስት አራት ሆነው ወረዱበት። ሸጠኸን፣ ልጅህን ሸጥካት ይላሉ። አንዲት እናት ከሩቅ ድንጋይ ወረወረች፤ ሳያገኘው ቀረ፤ ጠጋ ብላ ሌላ አነሳችና ትከሻውን መታችው፤ መትታው ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ከላዩ ከባድ ነገር አረፈበት። ወንድሙ ነበር። የታሰረ መንጋጋውን በክንዱ ሸፍኖ በሙሉ አካሉ ተኝቶበታል፤ እርግጫው በእሱ በኩል እየመጣ ለቆፋሪው የሚደርሰው ንዝረቱ ብቻ ነው። ግንበኛው በእያንዳንዱ ምት ከሽቦው ኋላ ያጓራ ነበር።

ቆፋሪው ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በማግስቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ገና ከማዶ የመኪና ጥሩምባ ሰማ። ከላይ እስከ ታች መኪናው ተሰልፎ ቆሟል። ሚስቱ ከደጃፋቸው ፊት ለፊት፣ ልጅቷ በወደቀችበት ቦታ፣ መንገዱ መሃል ነበረች። ነጠላ ጫማ አድርጋለች። በሁለት እጇ ዶማ ይዛ አስፋልቱን ትቆፍራለች። ዶማው ሲያርፍ ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ከመንገዱ ዳር እስከ መሃሉ የደረሰ፣ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ አውጥታለች። መዳፎቿ ደምተው የዶማው እጀታ ቀልቷል።

እሱን ስታይ አላቆመችም።

«ዋሻውን ዘጋችሁት» አለች በምቷ መካከል። «ይሄንንስ ማን ይዘጋዋል?»

ጎኑን በክንዱ ደግፎ ወደ ጓሮ ሄደና ዲጅኖውን ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ሲመታ ሕመሙ ዓይኑን አጨለመው። ሁለተኛውን መታ። ከላይ በኩል ግንበኛው የእጅ ጋሪ እየገፋ ይወርዳል፤ ጋሪው ውስጥ ከካብ ጥገና የተረፈ ድንጋይ ነው። አንዱን አንስቶ እንደ ካብ መነሻ ከቦዩ አፍ ላይ አስቀመጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው፣ አልወደደውም፣ ትንሽ ገፋ አደረገው። ቀጥሎ ሌላ አነሳ።

ከፊተኛው መኪና ሾፌሩ ወረደ። አፍንጫው ወደ ግራ የተጣመመ፣ ጥርሰ ፍንጭት ነው። የጎማ መፍቻ ይዟል። ከኋላው ሌሎች በሮች ተከፈቱ። እየቀረበ ሲመጣ መጀመሪያ ግንበኛውን፣ ቀጥሎ ቆፋሪውን፣ ከዚያ ሴትየዋን አየ፤ ብረቱን ማን ላይ እንደሚያሳርፈው የሚመርጥ ይመስል ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ቆፋሪው ዲጅኖውን አጥብቆ ይዞ በመካከላቸው ቆመ።

ሚስቱ ቀና ሳትል ዶማዋን አነሳች።